ለማን ተብሎ ይቀረጻል? የተማሪ ዘውጋዊ ፊልምና ዒላማ ተመልካቹ በወላይታ ሶዶ

የመመረቂያ ፊልም ዕቅድ ለመምህራን ሲቀርብ “ዒላማ ተመልካች” የሚለው ርእስ አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ የሚሞላና በአንድ መስመር የሚታለፍ ነው። ዒላማ ተመልካች ማለት ፊልሙ ከሌላው ሕዝብ አስቀድሞ እንዲደርሰው፣ እንዲገባውና እንዲነካው የታሰበለት ወገን ሲሆን፣ ተማሪዎች ግን “ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 45 የሆኑ ፊልም ወዳድ ወንዶችና ሴቶች” የሚል ዓይነት መልስ መስጠት ይቀናቸዋል። እንዲህ ያለው መልስ አገሩን ሁሉ ይጠራል እንጂ ማንንም አይለይም። ስለ ደራሲው የግል ስሜት የሚተርክ የሙከራ ፊልም ይህን ጉድለት ተሸክሞም ሊያልፍ ይችል ይሆናል፤ ዘውጋዊ ፊልም ግን አይችልም፤ ምክንያቱም ዘውጋዊ ፊልም ከመነሻው በሠሪውና በተመልካቹ መካከል ባለ ያልተጻፈ ስምምነት ላይ የቆመ ሥራ ነው። ይህ ዳሰሳ ጥያቄውን በወላይታ ሶዶ ከተማና በዙሪያዋ ባለው ዞን ላይ ያነሣል፤ በዚያ ያለ ተማሪ የሚመርጠው ቋንቋና የሚመርጠው ዘውግ ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች አለመሆናቸውንም ለማሳየት ይሞክራል።

ዘውግ የሚለው ቃል በፊልም ጥናት ውስጥ የተለመዱ ገጸ ባሕርያት፣ መቼቶች፣ የሤራ ቅርጾችና የስሜት ውጤቶች ያሏቸውን ፊልሞች ስብስብ ያመለክታል። አሜሪካዊው የፊልም ምሁር ሪክ አልትማን እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው መጽሐፉ ዘውግን በፊልሙ ውስጥ ባሉ ምልክቶችና በምልክቶቹ አደረጃጀት ብቻ ሳይወሰን በተጠቃሚዎቹ፣ ማለትም በአዘጋጁ፣ በአከፋፋዩ፣ በሐያሲውና በተመልካቹ አጠቃቀም ጭምር መመርመር እንደሚገባ ይከራከራል። የአማርኛ ፊልምም የራሱን ዘውጎች ከገበያው ውስጥ አውጥቷል፤ “የፍቅር ፊልም”፣ “አስቂኝ የፍቅር ፊልም”፣ “የቤተሰብ ፊልም” እና “ልብ አንጠልጣይ” የሚሉት መጠሪያዎች ከፖስተርና ከማስታወቂያ ተነሥተው ዛሬ የጥናት ቃላት ሆነዋል፤ ማይክል ቶማስ እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመው መጽሐፉ የኢትዮጵያን ታዋቂ ፊልም የመረመረው በእነዚሁ በአገሬው መጠሪያዎች ነው። ከሲኒማ ቤት ደጃፍ ቆሞ “ልብ አንጠልጣይ” የሚል ፖስተር ያነበበ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ምን ሊሰማው እንደሚገባ ያውቃል፤ ፊልሙ ያንን ካልሰጠው “ተሸወድኩ” ብሎ ይወጣል። እንግዲህ የዘውጋዊ ፊልም ተመልካች በዕድሜና በጾታ ከመለየቱ በፊት መለየት ያለበት በሚያውቀው ሕግ ነው፤ ሕጉን የት፣ ከማን፣ በምን ቋንቋ ተማረው የሚለው ከዕድሜው በላይ ይናገራል።

የተማሪ ፊልም በዚህ ላይ አንድ ውስብስብ ነገር ይጨምራል፤ የመጀመሪያው ተመልካቹ ውጤት የሚሰጠው የገምጋሚ መምህራን ቡድን ነው። ይህ ቡድን ፊልም የሚያየው ለመዝናናት ስላልሆነ፣ ለእርሱ ተብሎ የተሠራ ልብ አንጠልጣይ ሥራ ብዙ ጊዜ ዘውጉን የሚያውቅ ግን የማያምንበት፣ በጥቅስና በምልክት የተሞላ ይሆናል። በሌላው ዓለም የዚህ ችግር የታወቀ ምሳሌ “ዳርክ ስታር” ነው። ጆን ካርፔንተርና ዳን ኦባነን በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1970 አካባቢ የጀመሩት ይህ የሳይንስ ልብ ወለድ ቀልድ፣ ወደ ሙሉ ርዝመት አድጎ እ.ኤ.አ. በ1974 ለሕዝብ ሲቀርብ የጠፈር ጀብድ የጠበቀው ተመልካች በአብዛኛው አልሳቀለትም፤ አፍቃሪዎቹን ያገኘው ከዓመታት በኋላ ነው። ኦባነን በመርከብ ውስጥ የሚሽሎከለክለውን ባዕድ ፍጡር በኋላ በ“ኤሊየን” ድርሰቱ መልሶ ሲያመጣው ለማሳቅ መሞከሩን ትቶ ለማስፈራት ጻፈው፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ለእይታ የበቃው ፊልምም በዓለም ዙሪያ ተመልካች አገኘ። ጥሬ ሐሳቡ ያው ነበር፤ የተለወጠው ከተመልካቹ ጋር የተገባው ውል ነው።

ከኢትዮጵያውያን የፊልም ሠሪዎች መካከል ስለ ተመልካች ማንነት አጥብቆ በማሰብ የኃይሌ ገሪማን ያህል የሚጠቀስ የለም ማለት ይቻላል። በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ የሠራው “ቡሽ ማማ” ለዘውግ የተገዛ ፊልም ባይሆንም ለማን እንደሚናገር የማያሻማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 “ሳንኮፋ”ን ሲጨርስ አከፋፋዮች ባይቀበሉትም፣ ፊልሙ የተሠራለት ጥቁር አሜሪካዊ ተመልካች በየትኛው ከተማ እንደሚኖር ስላወቀ ከዋሽንግተን ጀምሮ ሲኒማ ቤቶችን እየተከራየ ራሱ አሳየው፤ ሕዝቡም ተሰልፎ አየለት። ይህ የሆነው የተመልካቹ ማንነት ገና ከድርሰቱ ተወስኖ ስለነበር ነው፤ ፊልሙ ካለቀ በኋላ የሚፈለግ ተመልካች እንዲህ ተሰልፎ አይገኝም።

ወደ ወላይታ ሲመጣ ተማሪው በእጁ ያለው ጠቃሚ መነሻ የ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ነው። ቆጠራው የዞኑን ነዋሪ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ፣ የሶዶን ከተማ ደግሞ ወደ 76 ሺህ አድርሶ ሲመዘግብ፣ በከተማ የሚኖረው የዞኑ ሕዝብ 11.5 በመቶ ገደማ፣ ወላይትኛ አፍ መፍቻው የሆነው ከ96 በመቶ በላይ፣ የፕሮቴስታንት እምነት ተከታዩ ደግሞ 71 በመቶ ያህል ነበር። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ እጅግ ሰፍታለች፤ በዚያው ዓመት ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ተመሥርቷል፤ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም ሶዶ የአስተዳደሩ መቀመጫ በመሆኗም ከጋሞ፣ ከጎፋ፣ ከጌዴኦ፣ ከኮንሶና ከሌሎችም አካባቢዎች የመጣ፣ አማርኛን መግባቢያው ያደረገ የመንግሥት ሠራተኛ ይኖርባታል። ቁጥሮቹን የሚያነብ ተማሪ “ሕዝቡ ወላይትኛ ተናጋሪ ስለሆነ ፊልሙ በወላይትኛ ይሁን” ብሎ ቢደመድም ትክክል ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ቆጠራ ሰው በምን ቋንቋ እንደሚያወራ እንጂ በምን ቋንቋ ፊልም ማየት እንደለመደ አይናገርም።

የሶዶ ወጣት የዘውግን ሕግ የተማረው በአብዛኛው በአማርኛ ነው። ከቪዲዮ ቤትና ከሲዲ ዘመን የአማርኛ ፊልሞች ሌላ፣ የሆሊውድና የእስያ ፊልሞችን አንድ ተራኪ እየተከተለ በአማርኛ የሚያስረዳባቸው “ትርጉም ፊልሞች”፣ እንዲሁም ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ቃና ቴሌቪዥን ወደ አማርኛ የመለሳቸው የቱርክና የሌሎች አገሮች ተከታታይ ድራማዎች ትምህርት ቤቶቹ ነበሩ። ትርጉም ፊልም፣ በምሁራን ዘንድ የሚገባውን ያህል ክብር ባያገኝም፣ አንድ ልዩ ልማድ ፈጥሯል፤ ተመልካቹ ነፍሰ ገዳዩ በሩን ከመክፈቱ በፊት ተራኪው በድምፅ ሲያስጠነቅቀው የኖረ ነው። እንዲህ ያለ ተመልካች ረጅም ዝምታ ሲያጋጥመው ዝምታውን እንደ ውጥረት ላያነበው፣ ይልቁንም የድምፅ ብልሽት አድርጎ ሊወስደው ይችላል። በመሆኑም በወላይትኛ ልብ አንጠልጣይ የሚሠራ ተማሪ የሚጠብቀው ተመልካች የቤቱ ቋንቋ ወላይትኛ፣ የዘውጉ ቋንቋ ግን አማርኛ የሆነ ሰው ነው።

ይህ ሁለትነት ለድርሰት እንቅፋት ይመስላል፤ በተግባር ግን ለልብ አንጠልጣይ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ ማግኘት ያዳግታል። ለምሳሌ ያህል አንድ የፖሊስ ጣቢያ ትዕይንት ይታሰብ። የባጃጅ ሹፌር የሆነ ወጣት በስርቆት ተጠርጥሮ ታስሯል፤ መርማሪው ከሌላ አካባቢ የተመደበ፣ ወላይትኛ የማይሰማ ሰው ነው። እናትየው በፌስታል ቆጮ፣ በትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ደግሞ ዳታ የሚባለውን የበርበሬ ማባያ ይዛ ትገባለች። መርማሪው የዕቃውን ክዳን ከፍቶ ሲፈትሽ የበርበሬው ሽታ ያስነጥሰዋል፤ እየሳቀ መልሶ ይሰጣታል። እናትየው ቆጮውን እየቆረሰች፣ ልጇን “ብላ እንጂ” ብላ በምትገሥጽበት ድምፅ፣ የተደበቀው ገንዘብ ከየት ወደ የት እንደተዛወረ በወላይትኛ ትነግረዋለች። ካሜራው በዚህ ጊዜ ሁሉ መርማሪው ፊት ላይ ነው።

አልፍሬድ ሂችኮክ ከፍራንሷ ትሩፎ ጋር ባደረገው የታወቀ ቃለ ምልልስ በድንገቴና በልብ ሰቀላ መካከል ያስቀመጠው ልዩነት እዚህ ላይ ይሠራል፤ ከጠረጴዛው ሥር ቦምብ መኖሩን ተመልካቹ ካላወቀ ፍንዳታው ለጥቂት ሰከንድ ያስደነግጠዋል፤ ካወቀ ግን ተቀምጠው የሚያወሩት ሰዎች እያንዳንዷ ተራ ቃል ያስጨንቀዋል። በፖሊስ ጣቢያው ትዕይንት ወላይትኛ የሚሰማው ተመልካች ከመርማሪው በላይ ስለሚያውቅ ልቡ ይሰቀላል፤ የማይሰማው ደግሞ ከመርማሪው ጋር እኩል ስለማያውቅ ትዕይንቱ እንቆቅልሽ ይሆንበታል። አንዱ ትዕይንት ለሁለት ተመልካቾች ሁለት ዘውግ ሆኗል ማለት ነው። እንግዲህ ከምስሉ ሥር የአማርኛ ጽሑፍ ይግባ ወይስ አይግባ የሚለው ጥያቄ ኤዲተሩ ሥራው ካለቀ በኋላ የሚወስነው የቴክኒክ ጉዳይ ሊሆን አይችልም። ጽሑፉ ከገባ የአዲስ አበባው ተመልካች የእናትየው ተባባሪ ይሆናል፤ ካልገባ የመርማሪው ባልደረባ ሆኖ ይቀራል። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ ማስገባት ደግሞ ከሁለቱም ቀድሞ የበዓለ ፊልም ዳኛን መጋበዝ ነው፤ መጋበዙ ነውር ባይሆንም፣ በዕቅዱ ላይ “ለአካባቢው ማኅበረሰብ” ብሎ ጽፎ ይህን ማድረግ ግን እርስ በርሱ ይጋጫል።

ሁሉም ዘውግ በሶዶ እንዲህ የሚመች አይደለም። ተማሪዎች በአነስተኛ ወጪ ይሠራል ብለው የሚመርጡት አስፈሪ ፊልም በተለይ መታሰብ ይኖርበታል። እ.ኤ.አ. በ1928 ከገቡት የሱዳን ውስጥ ሚሲዮን ሰባኪዎች ጀምሮ የወንጌላውያን እምነት፣ በተለይም የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን፣ በወላይታ ሥር የሰደደ ሲሆን፣ ከክፉ መንፈስ ነጻ መውጣትን የሚመለከት ምስክርነት ለብዙው ምእመን ከልጅነቱ የሚሰማው ትረካ ነው። የአስፈሪ ፊልም ውል “ይህ እውነት እንዳልሆነ እያወቅን እንፍራ” የሚል ነው። መንፈስ የገባባትን ልጅ የሚያሳይ የተማሪ ፊልም ለዚህ ተመልካች ሲቀርብ የሚነጻጸረው ከሆሊውድ ጋር ሳይሆን በምስክርነት ከሚሰማው ታሪክ ጋር ነው፤ መጨረሻው ላይ መንፈሱ ካሸነፈም ፊልሙ እንደ ስድብ ሊቆጠር ይችላል። ይህ ማለት ዘውጉ የተከለከለ ነው ማለት አይደለም፤ ፍርሃቱን ከመንፈስ ወደ ሰው፣ ለምሳሌ ወደ አራጣ አበዳሪ ወይም ወደ ሕገ ወጥ ደላላ ማዛወር ውሉን ሳያፈርስ ተመልካቹን ሊያቆይ ይችላል። የአስቂኝ የፍቅር ፊልም ጉዳይ ቀላል ነው፤ ቤተሰብ ተሰብስቦ እንዲያየው ከታሰበ የአልጋ ትዕይንቱ ይወጣል፣ ሠርጉ ይገባል።

የማሳያ ቦታም የዒላማው አካል ነው። የተማሪ ፊልም በሶዶ በጉታራ አዳራሽ ወይም በግቢ ውስጥ አንድ ቀን ተመርቆ ቀሪ ሕይወቱን በዩቲዩብና ከስልክ ወደ ስልክ በሚተላለፍ ፋይል የሚኖር ነው። በስልክ ለሚታይ ፊልም በጨለማ የተቀረጸ ረጅም ትዕይንት፣ ከሩቅ የተወሰደ ሰፊ ምስልና ደቃቅ የግርጌ ጽሑፍ ትርጉም የላቸውም። ከዞኑ ውጭም ሊዘነጋ የማይገባ ተመልካች አለ፤ በአዲስ አበባ፣ በሐዋሳ፣ በስኳር ልማት አካባቢዎችና በሌሎች ከተሞች ጉልበቱን ሸጦ የሚያድረው የወላይታ ወጣት፣ ቋንቋውን በስልኩ ላይ የሚፈልግ፣ በመስከረም የጊፋታ በዓል ወቅት ወደ ትውልድ ቀዬው የሚመለስ ነው። የትምህርት ዘመኑ ሰኔ ላይ ስለሚያልቅ ፊልሙ ሰኔ ላይ ይመረቅ የሚለው ልማድ ለመዝገብ ቤት ይመቻል፤ ለዚህ ተመልካች ግን ትክክለኛው ቀን ከጊፋታ ዋዜማ ያለው ሳምንት ነው።

ከዚህ ሁሉ አንጻር በሶዶ ለሚሠራ ልብ አንጠልጣይ የተማሪ ፊልም የሚያስተማምነው ዒላማ፣ ወላይትኛን ከቤቱ፣ የዘውጉን ሕግ ከአማርኛ ትርጉም ፊልም የተማረና ፊልሙን በስልኩ የሚያይ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት እስከ ሥራ መጀመሪያ ባለው ዕድሜ የሚገኝ ወጣት ነው። የመንግሥት ሠራተኛው በአማርኛው የግርጌ ጽሑፍ በኩል ሁለተኛ ሆኖ ይከተላል፤ የበዓለ ፊልም ዳኛው ሦስተኛ ነው። የትምህርት ክፍሎችም የዒላማ ተመልካችን ገጽ ድርሰቱ ከመጽደቁ በፊት እንዲሞላ ቢያደርጉ፣ ረቂቅ ቅንብሩንም ለተባለው ተመልካች ለጥቂቶቹ አሳይቶ የት ላይ እንደሳቁ፣ የት ላይ ስልካቸውን እንደነካኩ የሚገልጽ አጭር ዘገባ ከፊልሙ ጋር እንዲቀርብ ቢጠይቁ፣ ገምጋሚው ለራሱ ያልተሠራን ፊልም በራሱ ጣዕም ብቻ ከመመዘን ይድናል።