መገጣጠም የመፍታት ግልባጭ ነውን? በሞተር ጥገና መምሪያዎች የማስተማር ዘዴ ላይ የቀረበ ሒስ

በሞተር ጥገና መምሪያ መጻሕፍት ውስጥ ተደጋግሞ የሚገኝ አንድ ሐሳብ አለ። ይኸውም አንድ የሞተር ክፍል እንዴት እንደሚፈታ በዝርዝር ከተገለጸ በኋላ፣ መልሶ ለመግጠም ያንኑ ቅደም ተከተል ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው መከተል ይበቃል የሚለው ነው። ሐሳቡ አጭር ነው፤ ለመጽሐፉ አዘጋጅ ገጽ ይቆጥብለታል፤ ለአንባቢውም ድፍረት ይሰጠዋል። ከመጻሕፍቱ ገጽ አልፎም ወደ ማሠልጠኛ ወርክሾፕ ሲገባና የማስተማሪያ ሥርዓት ሲሆን ይታያል። ሠልጣኙ ሞተሩን ይፈታል፤ ክፍሎቹን ያጥባል፤ በጠረጴዛ ላይ ይደረድራል፤ ከዚያም በመጣበት መንገድ ተመልሶ ይገጥማል። በጠረጴዛው ላይ የተረፈ ቡሎን ካልተገኘ ትምህርቱ እንደ ተፈጸመ ይቆጠራል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ አስተሳሰብ በየትኛው ስፍራ እውነት፣ በየትኛውስ ስፍራ ስሕተት እንደ ሆነ መመርመር ነው። ጉዳዩ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። በሚገባ ያልተገጠመ ሞተር ከጋራዥ ሲወጣ ደኅና መስሎ ሊነሣ ይችላል፤ ጉዳቱ የሚታወቀው ግን ከጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት በኋላ በመንገድ ላይ ነው። የታክሲ ሞተር ሲሆን ደግሞ አብሮ የሚቆመው የአንድ ቤተ ሰብ ገቢ ጭምር ነው። ስለዚህ ሠልጣኙ ሞተር መፍታትንና መገጣጠምን ምን ብሎ እንደሚረዳ በቸልታ የሚታለፍ አይሆንም።

1. የመምሪያዎቹ ውለታ

ሒሱ ፍትሐዊ ይሆን ዘንድ አስቀድሞ የመምሪያ መጻሕፍቱ ውለታ ሊጠቀስ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1965 ጆን ሄይንስ የተባለ የእንግሊዝ አየር ኃይል ባልደረባ በየመን ጠረፍ በምትገኘው በዓደን ከተማ ሲያገለግል፣ የአንድ የሥራ ጓደኛውን የኦስቲን ሂሊ ስፕራይት መኪና ለማደስ ይረዳ ነበር። በዚያን ጊዜ ፋብሪካው ያዘጋጀው መምሪያ ለተራው ባለ መኪና እንደማይጠቅም ተገነዘበ። ስለዚህ ካሜራ ገዝቶ ሞተሩ ሲፈታና ሲገጠም በየደረጃው ፎቶግራፍ አነሣ። ከዚህ ልምድ የተገኘው የመጀመሪያው የሄይንስ መምሪያ እ.ኤ.አ. በ1966 ታተመ። ሄይንስ እ.ኤ.አ. በ2019 እስኪያርፍ ድረስም በዚሁ መንገድ የተዘጋጁ መምሪያዎች ለብዙ ዐይነት መኪናዎች ተጽፈዋል።

የዚህ አሠራር ትልቁ ቁም ነገር ጸሐፊው በገዛ እጁ ያልሠራውን አለመጻፉ ነው። የፋብሪካ መምሪያ ልዩ መሣሪያ ላለው ሠራተኛ ይጽፋል፤ የሄይንስ ዐይነቱ ግን መፍቻና ካቻቢቴ ብቻ ለያዘ ሰው ያስባል። ሥዕልና ጽሑፍን ደረጃ በደረጃ ማያያዙም ለሙያ ትምህርት መጽሐፍ ዝግጅት ትልቅ ትምህርት ሰጥቷል። የሚያስገርመው ግን ይህ ጥንቃቄ ያለበት አቀራረብ በአመዛኙ በመፍታቱ ላይ ሲያተኩር፣ መግጠሙን ግን ብዙ ጊዜ በግልባጭ አባባል በአጭሩ ማለፉ ነው።

2. አባባሉ እውነት የሚሆንበት ስፍራ

አባባሉ ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም። በተለይ ከአደጋ መጠበቅን በሚመለከት ብዙ እውነት አለው። ሥራ ሲጀመር በመጀመሪያ የሚላቀቀው የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ነው፤ ሥራው ሲፈጸም በመጨረሻ የሚታሰረውም እርሱ ነው። ቤንዚን በፈሰሰበት አካባቢ የኤሌክትሪክ ብልጭታ እንዳይነሣ የሚያደርገው ይህ ሥርዓት ነው።

ቴስታታ በመባል የሚታወቀው የሞተር ክዳን አፈታትም ሌላ ምሳሌ ይሆናል። ቡሎኖቹ የሚላሉት ከዳር ወደ መካከል፣ የሚጠብቁት ደግሞ ከመካከል ወደ ዳር ነው። በዚህ ረገድ ቅደም ተከተሉ በእርግጥ ይገለበጣል። ሆኖም ሠልጣኙ ቅደም ተከተሉን ብቻ ቢያጠናና ምክንያቱን ባያውቅ ያገኘው ዕውቀት ጎደሎ ነው። ምክንያቱም ክዳኑ ከአሉሚኒየም ሲሠራ በቀላሉ የሚጣመም መሆኑ ነው። ይህንን የተረዳ ሠልጣኝ ሞተሩ ሳይበርድ ክዳኑን መፍታት እንደማይገባ ማንም ሳይነግረው ይደርስበታል። ቅደም ተከተሉን በቃሉ የያዘው ግን በትክክለኛው ተራ፣ በትኩስ ሞተር ላይ፣ ክዳኑን ሊያጣምመው ይችላል።

3. የማይመለሰው ማስረጃ

የአባባሉ የመጀመሪያ ጉድለት መፍታትን የመግጠም ቅድመ ዝግጅት ብቻ አድርጎ መመልከቱ ነው። በእርግጥ ግን መፍታት ምርመራ ነው። ሞተር የሚፈታው አንድ ነገር ስለ ተበላሸ ነው፤ የብልሽቱም ምክንያት የሚነበበው ክፍሎቹ ከመታጠባቸው በፊት ነው።

ከአራቱ ፒስተኖች የሦስቱ አናት በደረቅ ጥላሸት ተሸፍኖ የአንደኛው በዘይት ከራሰ፣ በዚያ ሲሊንደር ፋሻው ወይም የቫልቩ ማለፊያ መበላቱን ያመለክታል። የአንዱ አናት እንደ ታጠበ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ የማቀዝቀዣ ውኃ ወደ ውስጥ ይገባ እንደ ነበረ ይጠረጠራል። በሁለት ሲሊንደሮች መካከል የተቃጠለ ጓርኒሲዮን፣ በዘይት መያዣው ግርጌ የተጠራቀመ የብረት ብናኝ፣ እነዚህ ሁሉ ምስክሮች ናቸው። ብሮንዚናዎቹም የራሳቸውን ታሪክ ይናገራሉ። የፍንዳታው ኃይል ፒስተኑን ወደ ታች ስለሚገፋ፣ በቢየላው ላይ ይበልጥ የሚበላው የላይኛው ግማሽ ብሮንዚና ነው፤ በክራንክሻፍቱ ዋና መቀመጫዎች ላይ ግን የታችኛው ግማሽ ነው። ከዚህ ውጭ የሆነ አበላል፣ ለምሳሌ በአንድ ጠርዝ ብቻ የታየ መፋቅ፣ ቢየላው መጣመሙን ሊያሳይ ይችላል።

ይህ ሁሉ በጋዝና በብሩሽ ከታጠበ በኋላ አይመለስም። ብሮንዚናዎቹ የየትኛው ሲሊንደር እንደ ሆኑ ሳይመዘገብ በአንድ ሣህን ከተቀላቀሉም ማስረጃው ይጠፋል። ሠልጣኙ አዲስ ብሮንዚና ገጥሞ ሞተሩን ሊያስነሣ ይችላል፤ ቢየላው እንደ ተጣመመ ከቀረ ግን አዲሱም እንደ አሮጌው ይበላል።

4. ሲፈታ የማይታየው ልክ

ሁለተኛው ጉድለት ይበልጥ ከባድ ነው። በመግጠም ጊዜ የሚያስፈልጉ፣ በመፍታት ጊዜ ግን ፈጽሞ የማይታዩ ሥራዎች አሉ። በአዲስ አበባ ለብዙ ዓመታት በታክሲነት ያገለገለውን የላዳ መኪና ሞተር እንደ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። የዚህ ሞተር ቤተ ሰብ መጀመሪያ የሆነው ቫዝ 2101 አራት ሲሊንደርና አምስት የክራንክሻፍት ዋና መቀመጫዎች አሉት።

የዋና መቀመጫዎቹ ክዳኖች በፋብሪካ ከሞተሩ አካል ጋር አንድ ላይ ተገጥመው የተቦረቦሩ ስለ ሆኑ አይለዋወጡም። በክዳኖቹ ላይ ያለው ምልክት ካልተጠበቀና አንዱ በሌላው ስፍራ ከገባ ክራንክሻፍቱ ይታነቃል። የክዳኖቹ ቡሎኖች ከ68 እስከ 84 ኒውተን ሜትር፣ የቢየላ ዳዶዎች ከ43 እስከ 53 ኒውተን ሜትር መጥበቅ ይገባቸዋል። በብሮንዚናና በክራንክሻፍት መካከል የሚኖረው የዘይት ክፍተት በዋና መቀመጫዎች ከ0.050 እስከ 0.095 ሚሊሜትር ነው። ቴስታታው በመጀመሪያ ከ33 እስከ 41፣ ቀጥሎ ከ96 እስከ 118 ኒውተን ሜትር በሁለት ደረጃ ይጠብቃል። ሞተሩ በርዶ ሳለ የቫልቮቹ ክፍተት 0.15 ሚሊሜትር ይሆናል።

ከእነዚህ ቁጥሮች መካከል ሲፈታ የሚታይ አንድም የለም። ቡሎን ሲላላ ስንት ኒውተን ሜትር ይፈልግ እንደ ነበረ አይናገርም። የካምሻፍቱ ሰንሰለት ሲፈታ ዝም ብሎ ይወጣል፤ ሲገጠም ግን የላይኛውና የታችኛው ምልክቶች በየስፍራቸው መገናኘት አለባቸው፤ ክራንክሻፍቱም ሁለት ዙር በእጅ ዞሮ ምልክቶቹ እንደገና መገናኘታቸው መረጋገጥ አለበት። የቡሎን ቀዳዳ ሲፈታ ባዶ ሆኖ ይቀራል፤ ሲታጠብ ውኃ ወይም ዘይት ገብቶበት ሳይደርቅ ቢቀር ግን፣ ቡሎኑ ሲጠብቅ የታመቀው ፈሳሽ የሞተሩን አካል ሊሰነጥቅ ይችላል። የመፍታቱን ዝርዝር ወደ ኋላ የሚያነብ ሰው ስለዚህ አደጋ የሚያገኘው ማስጠንቀቂያ የለም።

ከሁሉም በላይ ግን በመፍታትና በመግጠም መካከል ውሳኔ አለ። ክራንክሻፍቱ በማይክሮሜትር ተለክቶ ከልክ በላይ ተበልቶ ከተገኘ ወደ ቶርኖ ቤት ይላካል፤ ከዚያም 0.25፣ 0.50፣ 0.75 ወይም 1.00 ሚሊሜትር ለቀነሰ ዘንግ የተሠራ ብሮንዚና ይመረጥለታል። ሲሊንደሩ ከሰፋ ይቦረቦራል፤ ፒስተንና ፋሻም በዚያው ልክ ይለወጣሉ። እንግዲህ ተመልሶ የሚገጠመው ሞተር የተፈታው ሞተር አይደለም። ልኮቹ ሌሎች ናቸው፤ ክፍተቶቹም እንደገና መለካት አለባቸው። ወደ ኋላ የሚመለስ መንገድ ሳይኖር በግልባጭ ተመለሱ ማለት ሠልጣኙን ማሳሳት ነው።

5. የማሠልጠኛው ሞተር

ይህ የመጻሕፍቱ ጉድለት በማሠልጠኛ ወርክሾፕ ውስጥ በሌላ ምክንያት ይጸናል። ለልምምድ የሚቀርበው ሞተር ብዙ ጊዜ በየተራው በገቡ ሠልጣኞች ተፈትቶ የተገጠመ ነው። ጥላሸቱ ከታጠበ ቆይቷል፤ የሚነበብ ማስረጃ የለበትም። ጓርኒሲዮኑ አሮጌው ነው፤ ሞተሩም ተገጥሞ ስለማይነሣ የጥብቀት ልክ ቢጠበቅም ባይጠበቅም ልዩነቱ አይታይም። እንዲህ ባለ ሞተር ላይ መገጣጠም የመፍታት ግልባጭ የሚለው አባባል ፍጹም እውነት ይሆናል። ሠልጣኙ ተመርቆ ጋራዥ ሲገባ የሚጠብቀው ግን የቆሸሸ፣ የታመመና ነገ ሥራ ላይ መዋል ያለበት ሞተር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የኢትዮጵያ የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና ስትራቴጂ ሥልጠናው በውጤት ላይ እንዲያተኩር፣ ሠልጣኙም በሙያ ብቃት እንዲመዘን አቅጣጫ አስቀምጧል። ይህ አቅጣጫ ትክክል ነው። ጥያቄው ግን በሞተር ጥገና ረገድ ውጤት የሚባለው ምንድን ነው የሚል ነው። ውጤቱ በተወሰነ ሰዓት ተፈትቶ የተገጠመ ሞተር ከሆነ ምዘናው የሚለካው የእጅን ፍጥነትና የቅደም ተከተልን ትዝታ ነው። ውጤቱ ስለ ሞተሩ ትክክለኛ ፍርድ መስጠት ከሆነ ግን ምዘናው ሌላ መልክ ሊኖረው ይገባል።

6. የሚበጀው መንገድ

በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። ሞተሮች ጥቂቶች፣ ጓርኒሲዮንም ውድ፣ የሠልጣኞች ቁጥር ግን ብዙ ነው የሚል ነው። ተቃውሞው ከእውነት የራቀ አይደለም። ነገር ግን ከሚያስፈልገው ለውጥ አብዛኛው ከገንዘብ ይልቅ ሥርዓት የሚጠይቅ ነው።

በመጀመሪያ፣ ሠልጣኙ ክፍሎቹን ከማጠቡ በፊት የታየውንና የተለካውን በጽሑፍ የሚያሰፍርበት መዝገብ ሊኖረው ይገባል። በሁለተኛ ደረጃ፣ አንዱ የፈታውን ሌላው እንዲገጥም ማድረግ ይጠቅማል። ተቀባዩ በትዝታው ሊመራ ስለማይችል በምልክት፣ በመዝገብና በመለኪያ ለመሥራት ይገደዳል፤ የመጀመሪያው ሠልጣኝ መዝገብ በጎነትም በሁለተኛው ሥራ ይፈተናል። በሦስተኛ ደረጃ፣ እያንዳንዱ የመቀመጫ ክዳን በተጠበቀ ቁጥር ክራንክሻፍቱን በእጅ ማዞር ልማድ ሊሆን ይገባል። ይህ አንዲት ሳንቲም አያስወጣም፤ ታንቆ ሲገኝ ግን ስሕተቱ በየትኛው ክዳን ላይ እንደ ሆነ ወዲያውኑ ያሳያል። በመጨረሻም፣ ከልምምድ ሞተሮች አንዱ እንኳ ከአገልግሎት የወጣና ያልታጠበ ቢሆን፣ ሠልጣኙ ሳይመረቅ በፊት አንድ እውነተኛ ሕመም ለመመርመር ዕድል ያገኛል።

የመምሪያ መጻሕፍቱም አዘጋጆች ከዚህ የሚወስዱት ትምህርት አለ። መፍታትንና መግጠምን በሁለት ምዕራፍ ለያይተው መካከላቸው ሦስተኛ ምዕራፍ ቢያኖሩ፣ ይኸውም የመለካትና የመወሰን ምዕራፍ ቢሆን፣ የመጽሐፉ ገጽ ቢበዛም የአንባቢው ስሕተት ይቀንሳል። ሞተርን ፈትቶ መግጠም ማንም ትዕግሥተኛ እጅ ሊለምደው የሚችለው ሥራ ነው። የሙያ ትምህርት ድርሻ ግን ያ እጅ ከመፍቻው በፊት ማይክሮሜትሩን እንዲያነሣ ማስተማር ነው።