ለረሃባችን የተከራየ በረሃ

ፊልም ሰሪ ቢዋሽ ማንም አይከሰውም፤ እንዲያውም አሳምሮ የዋሸውን እንሸልመዋለን። ተዋናዩ ያልሞተውን ሞት ይሞታል፣ ያላገባትን ሴት ይፈታል፣ በቀይ ቀለም ተነክሮ ያቃስታል፤ እኛም ለትኬት ከፍለን እናለቅሳለን። በዚህ የሚቀየም የለም። ስለ ሰዎቹ ትወና ይህን ያህል ስናወራ ግን አንድ ተዋናይ ሁሌም ይረሳናል፤ ቦታው። ቦታም እኮ ይተውናል። ስሙ ፖስተር ላይ ባይጻፍም ይተውናል። አንዳንዴ ራሱን ሆኖ፣ ብዙ ጊዜ ግን ሌላውን ሆኖ።

በዚህ ሙያ ከሞሮኮ የሚስተካከል አገር ማግኘት ይከብዳል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከአትላስ ተራሮች ማዶ ዋርዛዛት የምትባል ከተማ አለች። በ1983 የተቋቋመው አትላስ ስቱዲዮ የሚገኘው እዚያ ነው። ከከተማዋ ራቅ ብሎ ደግሞ አይት ቤን ሃዱ የሚባል በጭቃ የተገነባ ጥንታዊ መንደር ቆሟል፤ ዩኔስኮ በ1987 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ይህ መንደር በ2000 በወጣው «ግላዲያተር» ውስጥ የሮማውያን ግዛት ሆኖ ተውኗል። ማርቲን ስኮርሴዚ በ1997 «ኩንዱን»ን ሲያቀርብ ሞሮኮ ቲቤትን ሆነች። በ2001 «ብላክ ሆክ ዳውን»ን ስናይ ደግሞ «ይቺ ናት ሞቃዲሾ» ብለን አፋችንን የከፈትንባት ከተማ ጎረቤታችን ሞቃዲሾ አልነበረችም፤ ከራባት ወንዝ ማዶ ያለችው ሳሌ ነበረች።

የሚገርመው ተመልካቹ ነው። ውሸቱን አይቶ ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ሻንጣውን ይሸክፍና ውሸቱን ፍለጋ ይወጣል። «ካዛብላንካ» የተባለው ዝነኛ ፊልም በ1942 የተሠራው ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው። በፊልሙ ውስጥ ያለው የሪክ ካፌ በሞሮኮዋ ካዛብላንካ ኖሮ አያውቅም። ሰው ግን በየዓመቱ እየመጣ «ካፌው የት ነው?» ማለቱን አልተወም። በመጨረሻ አንዲት የቀድሞ አሜሪካዊት ዲፕሎማት በ2004 ካፌውን ከፈተችው! ከፊልሙ 62 ዓመት በኋላ ማለት ነው። መቼም ከዚህ የበለጠ ጨዋ ውሸት የለም፤ ዘግይቶም ቢሆን እውነት ሆኗል።

ጨዋ ያልሆነም አለ። ሊዮናርዶ ዲካፕሪዮ የተወነበት «ዘ ቢች» በ2000 ሲወጣ ታሪኩ ማንም ስላልደረሰበት ድብቅ የባሕር ዳርቻ ነበር። የተቀረጸው ታይላንድ ውስጥ ማያ ቤይ በምትባል ትንሽ ሰርጥ ነው። ቀራጮቹ ተፈጥሮ የሠራው ገነት አልበቃ ብሏቸው የአሸዋውን ክምር ደለደሉ፣ የኮኮናት ዛፍ ተከሉ፤ በዚህም ፍርድ ቤት ቆሙ። ከዚያ በኋላ «ማንም ያልደረሰበትን» ቦታ ለማየት በቀን እስከ 5 ሺህ ሰው ይጎርፍ ጀመር። የባሕሩ ኮራል ስለሞተ መንግሥት በሰኔ 2018 ቦታውን ዘጋው፤ እንደገና የተከፈተው በጥር 2022 በተወሰነ የጎብኚ ቁጥር ነው። ሰው የወደደውን ቦታ በፍቅሩ እንዲህ ረግጦ ሊገድለው ይችላል።

እስካሁን ያወራሁት የሰው አገር ጨዋታ ነው። አሁን ወደ ቤታችን ልግባ።

ከዓመታት በፊት ለስብሰባ ከመጣ አንድ አውሮፓዊ ጋር ለምሳ ተቀምጬ ነበር። ወሩ ሐምሌ ነው። ዝናቡ ከቆርቆሮው ጋር ጠብ ያለው ይመስል ይወርዳል። ሰውዬው በስስ ሸሚዝ እየተንቀጠቀጠ «ሹራብ አላመጣሁም» አለኝ፤ «አገራችሁ በረሃ መስሎኝ ነበር»። ሳቅንና ትኩስ ሻይ አዘዝንለት። ቆይቼ ሳስበው ግን ሳቄ ቀዘቀዘ። ይህ የተማረ ሰው ነው። ይህን በረሃ ማን ሸጠለት?

አንዱን ሻጭ አውቀዋለሁ። በ2003 «ቢዮንድ ቦርደርስ» የሚባል ፊልም ወጣ። ዳይሬክተሩ ማርቲን ካምቤል፣ ተዋንያኑ አንጀሊና ጆሊና ክላይቭ ኦውን ናቸው። የታሪኩ መነሻ የ1984 የኢትዮጵያ ረሃብ ነው፤ ማለትም እኛ «የሰባ ሰባቱ» የምንለው። ለንደን ውስጥ የምትኖር ባለጸጋ ሴት ልቧ ይነካል፣ እህል በከባድ መኪና አስጭና ትመጣለች፣ ሐኪሙን ትወዳለች። የምትጓዘው በአሸዋ ባሕር መካከል ነው። አድማስ እስከ አድማስ አሸዋ፤ በዚያ መካከል ሊሞት የተቃረበ ሕፃንና አሞራ። ያ አሸዋ የተቀረጸው ናሚቢያ ነው።

ዘጠኝ ዓመት ያህል ቆይቶ የአውስትራሊያው ጆርጅ ሚለር «ማድ ማክስ፦ ፊዩሪ ሮድ»ን ሊቀርጽ ሲነሳ ያሰበው የአገሩ በረሃ ዝናብ ጠግቦ አበባ አበቀለበት። «ዓለም ካለቀች በኋላ» የሚል ፊልም በአበባ መካከል አይሠራማ! ቡድኑን ጠቅልሎ ወደ ናሚቢያ በረሃ ሄደ። ልብ በሉልኝ፤ የዓለም ፍጻሜና የእኛ ረሃብ በአንድ አገር አሸዋ ላይ ተቀረጹ ማለት ነው።

እሺ፣ ምን ችግር አለው? ፊልም አይደል?

ችግሩን ለማየት እውነተኛውን ቦታ ማስታወስ ያስፈልጋል። ረሃባችንን ለዓለም ያሳወቀው በጥቅምት 1984 በቢቢሲ የተላለፈው ዘገባ ነው፤ ምስሉን ያነሳው ኬንያዊው መሐመድ አሚን፣ ዘጋቢው ማይክል በርክ። የተነሳው ኮረምና መቀሌ ላይ ነው። ኮረምን የሚያውቅ ያውቃታል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ የምትገኝ፣ ሐሸንጌ ሐይቅ አጠገቧ የተኛ፣ ደጋ ናት። በዚያ ምስል ላይ አሸዋ የለም። ጎህ ሲቀድ በጭጋግና በጭስ መካከል በጋቢና በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ሕዝብ ነው ያለው። ከረሃቡ ጋር ሰውን የገደለው ብርድ ነበር።

እንግዲህ የቦታ ነገር ተራ ጌጥ አይደለም የምለው ለዚህ ነው። ቦታ ምስክር ነው። በረሃ ላይ የተራበ ሰው ሲታይ ተመልካቹ የሚጠይቀው ጥያቄ የለውም። «በረሃ ነዋ! ምን ሊበቅል?» ይላል። ጥፋተኛው ተፈጥሮ ነው፤ ተፈጥሮ ደግሞ ችሎት አትቀርብም። ገበሬ ያረሰው፣ በሬ የቆመበት፣ ሐይቅ ያለበት ደጋ ላይ ሰው በሺዎች ሲረግፍ ካየ ግን «እንዴት?» ማለቱ አይቀርም። «እንዴት?» ሲል ድርቁን ብቻ ሳይሆን ጦርነቱን ያገኛል፤ እህል የሚነጠቅበትንና መንገድ የሚዘጋበትን ሥርዓት ያገኛል፤ በመስከረም 1977 ዓ.ም. ሕዝብ እያለቀ አዲስ አበባ ላይ የተደገሰውን የአብዮት አሥረኛ ዓመት ያገኛል፤ ሰምተው እንዳልሰሙ የሆኑ መንግሥታትንም ያገኛል። አሸዋው እነዚህን ሁሉ ቀበራቸው። የሐሰት ምስክር ሁሉም ጥፋተኞች ነፃ እንዲወጡ መሰከረ።

ይህ አንድ ጊዜ የሆነ ነገር ቢሆን ባለፍኩት። በ2019 ኔትፍሊክስ ላይ የወጣው «ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት» የቤተ እስራኤላውያንን በሱዳን በኩል መውጣት የሚተርክ ነው። የተቀረጸው ናሚቢያና ደቡብ አፍሪካ ነው። ከጎንደርና ከትግራይ ቀዬ ተነስቶ ሱዳን የገባ ሕዝብ፣ በመንገድና በመጠለያ ወደ 4 ሺህ የሚጠጋ ወገን የቀበረ ሕዝብ፣ በዚያ ፊልም ውስጥ በአብዛኛው ከመኪና የሚወርድና ጀልባ ላይ የሚሳፈር ጭነት ነው። ያን መንገድ የከፈተው ፈረደ አክሉም የተባለ ትግራይ የተወለደ ቤተ እስራኤላዊ ነበር፤ ፊልሙ ግን የጀግንነቱን መሃል ለአሜሪካዊው ክሪስ ኢቫንስ ሰጠው። ቦታው ሲቀየር ባለቤቱም አብሮ የመቀየር አመል አለው።

ይህን ስል በፊልም ሥራ የኖረ አንድ ወዳጄ ገሠጸኝ። «ስማ ወንድሜ» አለኝ፤ «ፊልም ሰሪ ቦታ የሚመርጠው በታሪክ መጽሐፍ አይደለም፤ በሒሳብ መዝገብ ነው። ካሜራውን ጉምሩክ ስንት ቀን ይይዝበታል? የፈቃድ ደብዳቤ ስንት ቢሮ ይዞራል? ኢንሹራንሱ ጦርነት አለ የሚባልበት አገር ይገባል? ሌሎቹ ‹ና! ካወጣኸው ላይ ይህን ያህል በመቶ እንመልስልሃለን› ይላሉ። ናሚቢያ የፊልም ኮሚሽን በሕግ ያቋቋመችው በ2000 ነው። እኛስ?» አፌን አስያዘኝ። ደግሞም ልክ ነው፤ ቦታ መበደር ሁሌ ኃጢአት አይደለም። ስኮርሴዚ ቲቤት ገብቶ የዳላይ ላማን ታሪክ ልቅረጽ ቢል ቻይና በሩን አትከፍትለትም። ሞሮኮን ተበደረ፤ ሰዎቹን ግን አልተበደረም፤ ተዋንያኑን ከስደተኛ ቲቤታውያን ሰበሰበ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። አፈር ይበደሩታል፤ ዕውቀት ግን ከባለቤቱ ይጠየቃል። ከባለቤቱ የጠየቀ ሰው ናሚቢያም ሄዶ ቢሆን ደጋ ይፈልግ ነበር፤ ተዋናዩን ጋቢ ያለብሰው ነበር።

ሩዋንዳን እዩ። «ሆቴል ሩዋንዳ» በ2004 ሲወጣ አብዛኛው የተቀረጸው ጆሃንስበርግ ነው። በዓመቱ የሄይቲው ራውል ፔክ «ሰምታይምስ ኢን ኤፕሪል»ን እዚያው ሩዋንዳ፣ ደሙ በፈሰሰበት ምድር ላይ ቀረጸ። የመጀመሪያውን ዓለም ያውቀዋል፤ ሁለተኛውን ያወቀው ጥቂት ነው። ይሁንና ሁለተኛው ፊልም መኖሩ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ሌላው «እንዲህ ነበር» ሲል «ቆይ፣ እኔም አለሁ» የሚል ምስክር ቆሟል።

የእኛ ምስክርስ? አለ፤ ግን ቁጥሩ አነሰ። ኃይሌ ገሪማ በ2008 ያወጣው «ጤዛ» ጣና ዳር ያለችን መንደር ራሷን አድርጎ አቅርቧታል። ልጆቹ ከአፈሳ ሸሽተው ዋሻ ሲገቡ የምናየው ዋሻ ከሌላ አገር የተበደርነው አይደለም። ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮን ትልቅ ሽልማት የወሰደው ይህ ፊልም ነው። በ2015 ካን ላይ የቀረበው የያሬድ ዘለቀ «ላምብ»ም ለምለም ተራራችንን ለዓለም አሳይቷል፤ ያንን ያየ እንግዳ ሹራብ ይዞ ነው የሚመጣው።

የቀረው ፊልማችን ግን ሳሎን ነው። ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ስንቱን የአማርኛ ፊልም ያየን ሰዎች ከቦሌ ቪላ፣ ከሆቴል ሎቢና ከቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ሌላ ምን አየን? ልጁ ድሃ ነው ሲባል እንኳ ቤቱ ሶፋ አለው። ምክንያቱን እረዳለሁ፤ ጎዳና ላይ ካሜራ ሲቆም ሰፈር ይሰበሰባል፣ ሕፃኑ ካሜራውን ያያል፣ ጥበቃው «ደብዳቤ አላችሁ?» ይላል። ቪላ ግን በር ይዘጋል። ግን እየዘጋን ምን አጣን? በ2024 የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ ሰዉ ከስልኩ ፎቶ ሲፈልግ አየሁ። ያ ደረጃ፣ ያ የእንጨት ሰገነት፣ ያ የወርቅ ቤት መስኮት በስንት ፊልም ውስጥ ራሱን ሆኖ ቀርቷል? ለልጅ ልጆቻችን ፒያሳን የሚያሳይ ታሪክ የሚሠራ ሰው ቢነሳ እሱም ቦታ ሊከራይ ነው። ማን ያውቃል፣ ሞሮኮ ትተውናት ይሆናል።

የውጭዎቹን ስንወቅስ አንዱን ነገር አንርሳ፤ ራሱን ያልቀረጸን ሰው ሌላው ቢቀርጸው አይፈረድበትም፤ የሚፈረድበት አሳስቶ በመቅረጹ ነው። ስሕተቱን የሚያርመው ደግሞ ቁጣ ሳይሆን ሌላ ፊልም ነው። ኮረም አሁንም እዚያው ደጋ ላይ ናት። ከሰባ ሰባቱ የተረፉት አርጅተዋል፤ ብርዱ እንዴት እንደነበር የሚናገር አፍ ግን ገና አላቸው።

እስከዚያው ድረስ ለእኛ ለተመልካቾች አንድ ቀላል ሥራ አለችን። በሲኒማ ቤቶቻችን ፊልሙ አልቆ መብራቱ ሲበራ ሁላችንም ወደ በሩ እንጋፋለን። የስሙ ዝርዝር የሚፈሰው ለባዶ ወንበር ነው። ከዚያ ዝርዝር መጨረሻ፣ ከሾፌሩና ከምግብ አብሳዩ ስም በታች፣ በደቃቅ ፊደል አንድ መስመር አለች፤ የተቀረጸው እዚህ አገር ነው የምትል። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ሙሉ ዋሽቶ እውነቱን የሚናገረው በዚያች መስመር ነው። ቁጭ ብለን እናንብባት።