አምባሰል ያክማል ወይስ ያስለቅሳል?

«ሙዚቃ መድኃኒት ነው» የሚለው አባባል ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ኖሮ ዛሬ ማንም የማይጠይቀው እውነት መስሏል። በሬዲዮ ዝግጅት፣ በአልበም ምርቃት፣ በቃለ ምልልስ ሁሉ ይደጋገማል። ነገሩ በተነሣ ቁጥር ሁለት ምስክሮች ይጠራሉ፤ የዳዊት በገናና የያሬድ ዜማ። ወሎ የተነሣ እንደሆነ ሦስተኛ ይጨመራል፤ አምባሰል። እስቲ ምስክሮቹን በተራ እንስማቸው።

ሳኦልን ክፉ መንፈስ ሲያስጨንቀው ዳዊት በገና እየደረደረ ያሳርፈው እንደነበር በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 16 ተጽፏል። ጠቃሾቻችን መጽሐፉን እዚያው ላይ ያጥፉታል። ሁለት ምዕራፍ ቢገፉ ኖሮ ያው ዳዊት ያንኑ በገና እየመታ ሳለ ሳኦል ጦር ሲወረውርበት ባገኙት ነበር። በምዕራፍ 19ም ይደግመዋል። በሽተኛው በባለ በገናው ቀንቶ ነበርና፣ እያሳረፈ ያለው ሰው ራሱ የሕመሙ ምክንያት ሆነበት። እንዲህ ያለውን ነገር በገና ብቻውን አይፈታውም።

የያሬድም ታሪክ ጦር አለበት። አፄ ገብረ መስቀል የተመረኮዙት ጦር የሊቁን እግር ወግቶ ደም ሲፈስ ሁለቱም በዜማው ተመስጠው ሳይሰማቸው ቀረ ይላል ትውፊቱ። ልብ በሉ፤ ሕመሙ አልተሰማም ይላል እንጂ ቁስሉ በዜማው ዳነ አይልም። እኔ ይህን ትውፊት ከብዙ ዘመናዊ ወሬ ይበልጥ ጠንቃቃ ሆኖ አገኘዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት 73 ሙከራዎችን፣ ወደ 7,000 የሚጠጉ የቀዶ ሕክምና ታካሚዎችን አንድ ላይ መርምሮ ያገኘው ከዚህ አይርቅም። ሙዚቃ የሰሙት ታካሚዎች ሕመማቸውና ጭንቀታቸው ቀነሰ፤ ማስታገሻም ያነሰ ወሰዱ። ሆስፒታል የሚተኙበት ጊዜ ግን አላጠረም። ደግሞም የትኛው ሙዚቃ መመረጡ ያመጣው ልዩነት ጥቂት ነበር።

ይህች የመጨረሻዋ ነጥብ ለአምባሰል አፍቃሪዎች አትጥምም። ቅኝቱ በራሱ የመፈወስ ኃይል አለው የሚሉ አሉና። አምባሰል እንደ ሌሎቹ ቅኝቶቻችን አምስት ድምፅ ነው። ከመነሻው ወደ ሁለተኛው የሚወስደው ግማሽ እርምጃ ብቻ ነው፤ ከዚያ በአንዴ ወደ ሦስተኛው ይዘላል። ከአራተኛው ወደ አምስተኛውም ያችኑ ጠባብ እርምጃ ይደግማታል። ጠበብ ብሎ ሄዶ ድንገት ሰፊ የሚሆን መንገድ፣ ራሱን የአምባሰልን ተራራ የሚያስታውስ ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም። ማሪቱ ለገሰ ስትዘፍነው አትቸኩልም፤ ጠባቧ እርምጃ ላይ ትቆያለች፣ አድማጩም አብሯት ይቆያል። ይህን ዜማ በኪቦርድ አለስልሶ ለሆቴል ማዳመጫ የሚያደርጉት ሰዎች የሚቆርጡት ያችኑ መቆየት ነው። ከዚያ «ያዝናናል» ይሉናል።

ነገር ግን ቅኝቱ ብቻውን ምን ያህል ይሠራል? መልሱን እዚያው አገር መፈለግ ይሻላል። ከደሴ በስተሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ግድም ላይ ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ፤ በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ እስከ ዛሬ ሴት የማይገባበት ገዳም። ከገዳሙ ማኅሌት ይሰማል፤ በአካባቢው የእስላሙ መንደር መንዙማና ድቤ አለ። ወዳጃ ሲቀመጡ ቡና ይፈላል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ መንዙማው ይነሣል፤ የታመመ ሰው በመካከል ቢገኝ ለብቻው አይተውም። የዛር ቤትም እንዲሁ ከበሮና ጭብጨባ፣ የሚቀበል ሰው ይፈልጋል። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ላይ ዛርን ሲያጠና ከቲያትር ጋር የሚያዛምደውን ነገር አይቶ ኋላ መጽሐፍ ጽፎበታል። የእምነቱ ጉዳይ ሌላ ነው። በእነዚህ ሁሉ ዘንድ ግን ለብቻው ተቀምጦ ሙዚቃ የሚዋጥ በሽተኛ የለም።

ከሁሉ ይልቅ ለሕክምና የሚቀርበው ለእኔ ሙሾ ነው። አልቃሿ ግጥም ታወርዳለች፣ ለቀስተኛው ይቀበላል፤ የሟች ስም ይነሣል፣ ያልተባለው ይባላል። ልቅሶው ቀን አለው፤ ተዝካሩም ቀን አለው። ሐዘንን መክፈቻም መዝጊያም ያበጀለት ሥርዐት ነው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ በደቡብ ወሎ ሲያልፍ ብዙ ሰው ሬሳውን በወጉ ሳያለቅስ ቀርቷል። ለእንዲህ ያለ ሰው «አምባሰል ስማ፣ ይሻልሃል» ማለት ምን ማለት ነው? ልጁ ይወደው የነበረ ዘፈን ከሆነስ? ያ ጠባብ እርምጃ የሚያሳርፈውን ያህል ሊከፍተው ይችላል፤ ሲከፍተው አጠገቡ ማን ተቀምጧል?

የሙዚቃ ሕክምና የሚባለው ሙያ የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 አሜሪካ ውስጥ ሚሺጋን ላይ የመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ ሥልጠና ሲከፈት ጊዜው የጦርነት ነበር፤ በቁስለኞች ሆስፒታሎች የሚጫወቱ ሙዚቀኞች በቅን ልብ ብቻ እንደማይበቁ ታይቶ ነው። ባለሙያው በሽተኛውን አስቀድሞ ይጠይቃል፣ ዓላማ ይቆርጣል፣ ለውጡን ይመዘግባል፣ ካልሠራ ይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ የኮክሬን ግምገማ 9 ጥናቶችንና 421 ሰዎችን መዝኖ፣ በድብርት ለታመሙ ከተለመደው ሕክምና ላይ የሙዚቃ ሕክምና መጨመር ለአጭር ጊዜ ከተለመደው ብቻ የተሻለ ሆኖ አግኝቶታል። «ላይ መጨመር» የሚለው ይሰመርበት፤ ክኒኑን ጣሉ ያለ የለም።

ድብርት ለያዛት የወሎ እናት ክራርና ማሲንቆ ይዞ የሚሄድ ሰው ይኑር፤ እኔም እደግፋለሁ። ግን ማሲንቆውን ከማንሣቱ በፊት አጠገቧ ቁጭ ይበልና ይጠይቃት፤ «እማማ፣ የትኛውን ዘፈን ባይሰሙ ይመርጣሉ?»