ዘቢቡና የቅኔው ቆጠራ፦ ስለ ተመስጦ የተጻፈ አንድ መጽሐፍ ከኮን ሲመዘን

ጆን ካባት-ዚን በሞለኪውላር ባዮሎጂ የሠለጠኑ ተመራማሪ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል ውስጥ ሥር የሰደደ ሕመምና ውጥረት ላለባቸው ታካሚዎች የስምንት ሳምንት የተመስጦ ሥልጠና የሚሰጥ ክሊኒክ አቋቋሙ። በ1990 የሥልጠናውን ይዘት «ፉል ካታስትሮፊ ሊቪንግ» በሚል ርእስ በመጽሐፍ አሳተሙ፤ በ2013ም አሻሽለው አወጡት። ዛሬ በብዙ አገሮች ለጤና ባለሙያዎች ለሚሰጡ የውጥረት መቋቋሚያ ሥልጠናዎች መጽሐፉ መነሻ በመሆኑ ለኢትዮጵያ ሐኪምና ነርስ ምን እንደሚፈይድ መመርመር ተገቢ ነው።

የሥልጠናው የመጀመሪያ ትምህርት አንድ ፍሬ ዘቢብ ነው። ሠልጣኙ ዘቢብ አይቶ እንደማያውቅ ሰው ፍሬዋን ያገላብጣል፣ ይዳስሳል፣ ያሸታል፣ በመጨረሻም ቀስ ብሎ ያኝካታል። ደራሲው ይህን ዝንባሌ የጀማሪ ልቡና ይሉታል። የመጽሐፉ ትልቁ ቁም ነገርም ይኸው ነው። አሳቡን ጸጥ ለማሰኘት የተቀመጠ ሰው ገና ጥቂት ደቂቃ ሳይሞላው አሳቡ ገበያ ወጥቶ ያገኘዋል፤ ይህንንም እንደ ሽንፈት ቆጥሮ ይተወዋል። «አሁን አሳቤ የት ሄደ? ሰውነቴስ ምን ይሰማዋል?» ብሎ የሚጠይቀው ግን በባዘነ ቁጥር አዲስ ነገር ያያል። መደምደሚያውን አስቀድሞ ሳይወስን የሕመምን ታሪክ መጠየቅ ለለመደ ሐኪም ይህ እንግዳ ጥበብ አይደለም፤ ልዩነቱ የሚመረመረው ራሱ መርማሪው መሆኑ ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ መጽሐፉ አንድ ቅራኔ ሳይፈታ ያልፋል። በአንድ በኩል የማወቅ ጉጉትን ያወድሳል፤ በሌላ በኩል ሠልጣኙ ወደደም ጠላም በሳምንት ስድስት ቀን፣ በየቀኑ አርባ አምስት ደቂቃ ያህል በካሴት እየተመራ ሰውነቱን በአሳብ እንዲቃኝ ያዝዛል። በጉጉት የተጀመረው ነገር በግዴታ ብቻ እንዴት ይዘልቃል? በአዳር ተረኝነት ነግቶበት፣ ጠዋት ደግሞ የተመላላሽ ታካሚ ሰልፍ ለሚጠብቀው ባለሙያ ይህ ትእዛዝ ሌላ የሥራ ጫና ሊሆንበት ይችላል።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚፈነጥቅ ልማድ ከላስታ ጎረቤት በዋድላ ይገኛል። የወረዳው ዋና ከተማ ኮን ናት። ዋድላ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር ከታወቁት የቅኔ ቤቶች አንዱ ነው። ደበሎ ለብሶ፣ ቁራሽ ለምኖ የሚማረው የቅኔ ተማሪ የቀኑን ዋና ክፍል የሚያሳልፈው በቆጠራ ነው። ከጓደኞቹ ተነጥሎ ዛፍ ሥር ወይም ገደል አፋፍ ተቀምጦ፣ ሕሊናውን ሰብስቦ፣ ምሥጢሩን ከቃሉ እያስማማ የራሱን ቅኔ ያወጣል። ከዚያም ለነገራ ወደ የኔታ ይቀርባል፤ መምህሩም ሰምተው ያርሙታል።

ቆጠራ የሕክምና ሥልጠና አይደለም፤ ዓላማው ምስጋናና እውቀት እንጂ ውጥረትን ማርገብ አይደለምና ሁለቱን አንድ ማድረግ ስሕተት ይሆናል። ከአደረጃጀቱ ግን ሦስት ነገሮችን መማር ይቻላል። አንደኛ፣ ጀማሪው ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ በየደረጃው ወደ ስምንት ቤቱ መወድስ ይወጣል እንጂ በመወድስ አይጀምርም። ሁለተኛ፣ ትናንት የተቀኙትን ዛሬ መድገም ነውር ስለሆነ ጉጉቱ ከግዴታው ጋር አብሮ የተሰፋ ነው፤ ተማሪው በየዕለቱ እንደ አዲስ ማየት ይኖርበታል። ሦስተኛ፣ ብቻውን ቢቀመጥም ብቻውን አይቀርም፤ የሚያርመው መምህርና የሚሰማው ጓደኛ አለው። የመጽሐፉ አንባቢ ስምንቱ ሳምንታት ካለፉ በኋላ የሚያጣው በተለይ ይህን ሦስተኛውን ነው።

የማስረጃው ጉዳይም በልኩ መያዝ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2014 በጃማ የውስጥ ደዌ ሕክምና መጽሔት የወጣው የጎያልና ባልደረቦቹ ግምገማ 47 ሙከራዎችንና 3515 ተሳታፊዎችን መርምሮ፣ ሥልጠናው ጭንቀትን፣ ድባቴንና ሕመምን በመጠኑ እንደሚቀንስ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ማስረጃ አግኝቷል። ከመድኃኒት ወይም ከአካል እንቅስቃሴ እንደሚበልጥ ግን አላረጋገጠም። በ2020 የታተመው የፋሪያስና ባልደረቦቹ ግምገማ ደግሞ ከተሳታፊዎች 8 በመቶ ያህሉ እንደ ጭንቀትና ድባቴ ያለ ያልተፈለገ ውጤት እንዳጋጠማቸው አሳይቷል። ስለዚህ ከባድ ድባቴ ወይም ከአሰቃቂ ገጠመኝ የመጣ ሕመም ያለበትን ሰው «ዐይንህን ጨፍነህ ተቀመጥ» ብሎ መሸኘት ሕክምና አይሆንም።

ከሁሉ የሚከብደው ጉድለት ግን በመጽሐፉ አጠቃቀም ላይ የሚታየው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ በሥራ መዛልን በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ቦታ ውጥረት የሚመጣ ክስተት እንጂ በሽታ አላለውም። ይህ ማለት መንስኤው ያለው በመጀመሪያ በሥራው ቦታ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ በዘለቀ ጊዜ ብዙ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ፈርሰዋልም። አልጋና መድኃኒት በሌለበት ክፍል እናት ስታዋልድ ለነጋባት አዋላጅ ነርስ ትንፋሽሽን አዳምጪ የሚል ምክር ብቻውን ሲሰጣት ጥፋቱን ወደ እርሷ ማዞር ይሆናል። አስቀድሞ የሚያስፈልጋት መድኃኒት፣ ተተኪ ተረኛና በወቅቱ የሚከፈል ደመወዝ ነው። ተመስጦ ይህን ሁሉ ሊተካ አይችልም፤ ይህን ስትጠይቅ ልቧ እንዳይበተን ግን ሊረዳት ይችላል።

እንግዲህ መጽሐፉን ለማንበብ የሚሻ ባለሙያ ዘቢቡን ይውሰድ፣ አርባ አምስት ደቂቃውን ግን ለጊዜው ያቆየው። የእርሱ ጉባኤ ቃና ከታካሚ ወደ ታካሚ ሲሻገር እጁን የሚታጠብባት ጊዜ ልትሆን ትችላለች፤ የውኃውን ቅዝቃዜ፣ የትከሻውን ክብደት፣ ከቀደመው ታካሚ ይዞት የመጣውን ስሜት ልብ ይበል። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ያየውን ለአንድ የሥራ ባልደረባው ይንገር፤ የርሱንም ይስማ። አንድ ሳምንት ቢያቋርጥ ተማሪው ቅኔው ቢሰበርበት እንደሚያደርገው ነው፤ ታርሞ ወደ ቆጠራው ይመለሳል።