ውድ መርፌ ስትገዙ የምትገዙት ምኑን ነው?

እሺ፣ ከሒሳብ እንጀምር። ባለ 12 ኢንች ሸክላ በደቂቃ 33⅓ ጊዜ ይዞራል። መርፌው ውጭኛው ጠርዝ ላይ ሲሆን የሸክላው ቦይ ከሥሩ በሴኮንድ 51 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሮጣል። የመጨረሻው ዘፈን ላይ፣ መሀል ሲጠጋ ደግሞ 21 ሴንቲ ሜትር ብቻ። ዙሩ አልቀነሰም፤ ክቡ ነው የጠበበው። ስለዚህ 10,000 ኸርዝ የሆነ ቀጭን ድምፅ ጠርዙ ላይ 51 ማይክሮሜትር ርዝመት ያለው ሞገድ ሆኖ ሲቀረጽ፣ መሀል ላይ 21 ማይክሮሜትር ውስጥ ይጨመቃል። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮሜትር አካባቢ መሆኑን አስቡት።

ስለ ውድ ካርትሪጅ የሚጻፉ ግምገማዎችን ብታነቡ ይህን ሒሳብ እምብዛም አታገኙትም። የምታገኙት “ሙቀት ያለው”፣ “አየር ያለው”፣ “ሙዚቃዊ” ምናምን የሚሉ ቃላትን ነው። ቃላቱ ውሸት ናቸው አልልም፤ ሰውየው የሰማውን ነው የጻፈው። ግን ከእሱ ማጫወቻና ከእሱ ክፍል ውጪ ምን ይነግሯችኋል?

ካርትሪጅ የምንለው በማጫወቻው ክንድ ጫፍ ላይ የሚታሰረውን ትንሽ ሳጥን ነው። መርፌው በቦዩ ግድግዳዎች ሲንገላታ፣ ውስጥ ያለ ማግኔት ወይም የሽቦ ጥቅል ይወዛወዛል፤ ኤሌክትሪክም ይፈጠራል። ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 ያሳየው ነገር ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ማግኔቱ የሚንቀሳቀስበት ዓይነት ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት ይሰጣል። ሽቦው የሚንቀሳቀስበት፣ ውዶቹ የሚበዙበት ዓይነት፣ ብዙውን ጊዜ ከ0.5 ሚሊቮልት በታች ስለሆነ ተጨማሪ ማጉያ ያስፈልገዋል። ይህን ወጪ ሻጩ ቀድሞ አይነግራችሁም።

ዋናው ጉዳይ ግን የአልማዟ ቅርፅ ነው። ተራዋ መርፌ ጫፏ እንደ ኳስ ክብ ነው፤ የኳሱ ራዲየስ 15 ማይክሮሜትር ወይም ከዚያ ትንሽ ይበልጣል። አሁን ወደ መጀመሪያው ሒሳብ ተመለሱ። መሀል ላይ የ10,000 ኸርዝ ሞገድ አንዱ ጉብታ 10 ማይክሮሜትር ብቻ ነው። ድምፁ ጠንከር ሲል ኩርባው ከኳሱ ይጠብባል፤ ኳሱ ደግሞ ከራሱ የጠበበ ኩርባ ውስጥ አይገባም። በላዩ ላይ ተንሳፎ ያልፋል፤ ያ ድምፅ ሸክላው ላይ አለ፣ እናንተ ግን አትሰሙትም፣ ወይም ተበላሽቶ ትሰሙታላችሁ። ኤሊፕስ የሚባለው ቅርፅ ጎኑን ወደ 8 ማይክሮሜትር ያጠበዋል። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የጃፓኑ ጄቪሲ በአራት ድምፅ ማጉያ የሚሰማ ሸክላ ሲሠራ እስከ 45,000 ኸርዝ ድረስ ማንበብ አስፈለገው፤ ሺባታ የሚባለው ቅርፅ የመጣው ከዚህ ችግር ነው። ግድግዳውን ከላይ ወደ ታች በረዥም መስመር ይነካል፣ ወደ ጎን ግን ስስ ነው። ባለ አራቱ ሸክላ ሞተ፣ መርፌው ቀረ።

የኦርቶፎንን 2ኤም ተከታታይ የምወድደው ለዚህ ነው። ቀዩና ሰማያዊው አንድ ዓይነት ሳጥን አላቸው፤ ነሐስማውና ጥቁሩም እንዲሁ አንድ ሌላ ሳጥን ይጋራሉ። ከነሐስማው ወደ ጥቁሩ ስትሻገሩ የምትከፍሉት ለመርፌው ነው፦ ጥቁሩ ሺባታ ነው። ገንዘባችሁ የት እንደገባ በማጉያ መነጽር ማየት ትችላላችሁ።

ዴኖን ዲኤል-103ን እንይ ደግሞ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለጃፓን ብሔራዊ ብሮድካስት ለኤንኤችኬ ተነደፈ፤ ጫፉ ክብ፣ የሚጫነውም 2.5 ግራም ያህል ነው። እስከዛሬ ወዳጆቹ “ሙቀቱን” ያወድሳሉ። እኔ የምለው፣ ሙቀቱ በከፊል ከላይ ያሰላነው የቀጭን ድምፅ መጥፋት ነው። ለሬዲዮ ጣቢያ ትክክለኛ ምርጫ ነበር፤ ክብ ጫፍ ትንሽ ተጣሞ ቢታሰርም ብዙም አይከፋውም፣ በጥድፊያ ለሚሠራ ቴክኒሻን ይመቻል። ብትወዱት ግዙት። ግን ከሸክላው የበለጠ እውነት እያሰማኝ ነው አትበሉ።

ከዚያ በላይ በሺህዎች ዶላር የሚሸጡት አሉ። መርፌውን የምትይዘው ቀጭን ዘንግ ከቦሮን ትሠራለች፤ ይህ ፊዚክስ አለው፣ ቦሮን ቀላልም ግትርም ነው። ከኮኤትሱ አንዳንዶቹ ደግሞ ሳጥናቸው ከጌጥ ድንጋይ የተሠራ ነው። ያምራል! የድንጋዩ ቀለም ግን ቦዩ ውስጥ አይገባም፤ የሚገባው ክብደቱ ነው። ክብደት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው።

ካርትሪጅና ክንድ አንድ ላይ ሆነው በስፕሪንግ እንደተንጠለጠለ ዕቃ ናቸው፤ የራሳቸው መወዛወዣ ፍጥነት አላቸው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የሁለቱን ክብደት በግራም፣ በመርፌዋ ልልነት (መግለጫው ላይ “ኮምፕሊያንስ” የሚል ቁጥር አለ) አባዙ፣ ሥኩዌር ሩቱን ውሰዱ፣ 159ን ለዚያ አካፍሉ። ከ8 እስከ 12 ኸርዝ ከመጣ ጥሩ ነው። ቀዩ 2ኤም 7.2 ግራም ይመዝናል፣ ልልነቱ 20 ነው። 10 ግራም በሆነ ክንድ ላይ ወደ 8.6 ይደርሳል፣ ያስኬዳል። 25 ግራም በሆነ ከባድ ክንድ ላይ ግን 6.3 ይሆናል፤ የተጣመመ ሸክላ ከሚንጠው ዝግታ ጋር ይገጥምና መርፌዋ መዝለል ትጀምራለች። ያኔ ዋጋዋ ምን ዋጋ አለው?

አያታችሁ ቤት የአምሃ ሪከርድስ ወይም የካይፋ ባለ 45 ዙር ሸክላ ካለ ነገሩ የበለጠ ያሳስባል፤ ምትክ ማግኘት ከባድ ነው። አንድ መልካም ዜና አለ፦ ባለ 45 ዙሩ ትንሽ ቢሆንም በፍጥነት ስለሚዞር፣ መሀሉ ላይ እንኳ በሴኮንድ 25 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል፤ ከትልቁ ሸክላ መሀል ይሻላል። መጥፎው ዜና፣ የተበላ አልማዝ ጠርዙ ተስሎ ግድግዳውን ይፍቃል፤ የተፋቀውን የትኛውም ውድ መርፌ አይመልሰውም። ሺባታ ግድግዳውን አሮጌው መርፌ ባልደረሰበት ከፍታ ላይ ሊነካ ይችላል፣ ያኔ ድምፁ ይጠራል። አንዳንዴ ግን የሚያገኘው ቆሻሻ ብቻ ነው።

ስለዚህ የእኔ ምርጫ ለአብዛኞቻችሁ ማግኔቱ የሚንቀሳቀስበት ነው፤ መርፌዋ ስታልቅ በእጃችሁ ስባችሁ አዲስ ትሰካላችሁ። ባለ ሽቦው ብዙውን ጊዜ ወደ ሠሪው ወይም ወደ ባለሙያ መላክ አለበት፤ አዲስ አበባ ላላችሁ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ሸክላውን እጠቡና የመጨረሻውን ዘፈን አጫውቱ፤ ዘፋኙ “ሰ”፣ “ሸ” እና “ጸ” ያለባቸውን ቃላት ሲል ስሙ። ከመጀመሪያው ዘፈን ይልቅ እዚህ ላይ የሚተፋ ከሆነ፣ መጀመሪያ የመርፌዋን አቀማመጥ አስተካክሉ፤ አሁንም ከተፋ ቅርፅዋን ቀይሩ። በሁለቱም ዘፈን እኩል የሚተፋ ከሆነ ግን አልማዟ አልቃለች ወይም ሸክላው ተበልቷል፤ በጓደኛ ቤት፣ በሌላ መርፌ ሞክሩት።