የአሻንጉሊት ወታደር በአዋሽ ሸለቆ ዓይን

ጂ. አይ. ጆ የተባለው የአሜሪካ አሻንጉሊት ወታደር በፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. ለገበያ ወጣ። በ1982 ቁመቱ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አጥሮ፥ ከማርቭል የሥዕል መጽሔት ጋር እንደ ገና ተወለደ። የመጽሔቱ ደራሲ ላሪ ሃማ በቬትናም ጦርነት ዘመን ወታደር ነበረ፤ ለአሻንጉሊቶቹም ስምና የትውልድ ስፍራ የያዘ ካርድ ጻፈላቸው። የዚያን ዘመን ልጆች ጐልምሰው ዛሬ በናፍቆት የሚያነሡት ጠመንጃውን ብቻ አይደለም፤ ፕላስቲኩን ሰው ያደረገውን ይህንኑ ካርድ ጭምር ነው።

እኛ የምናስበልጠው በ1984 የወጣውን 21ኛውን ቁጥር ነው። ታሪኩ ያለ ንግግር በሥዕል ብቻ ስለሚሄድ፥ አማርኛ የሚናገር የአዋሽ ልጅና አፋርኛ የሚናገር የሰመራ ልጅ ያለ አስተርጓሚ እኩል ይረዱታል።

የቴሌቪዥኑ ሥራ ግን ደካማ ነው። አውሮፕላን በተመታ ቍጥር አብራሪው በጃንጥላ ይወርዳል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት አፋር በገባ ጊዜ፥ ቁስለኞች ከሰመራ አጠገብ ወዳለው የዱብቲ ሆስፒታል ሲወሰዱ ላየ ሕፃን ይህ ተረት እንኳ አይሆንለትም። በሃማ መጽሔት ወታደር ይሞታል።

ያገራችን ሠዓልያንም አልተኙም፤ በሰራት ደበበ በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ጀምበር» የአዲስ አበባን ወጣት ጀግና አድርጎታል። የአዋሽ ሸለቆ ልጅ ከጭቃ ለሚሠራው ወታደር ግን ስሙንና የወንዙን ልጆች የሚነግር ካርድ ገና አልተጻፈለትም።