ከሰባተኛው ፎቅ በላይ፦ «ዘ ታወሪንግ ኢንፈርኖ» ከካዛንቺስ ሲታይ

በ1974 እ.ኤ.አ. መገባደጃ ለእይታ የበቃው «ዘ ታወሪንግ ኢንፈርኖ» ብዙ ጊዜ የሚመዘነው በነበልባሉና ባሰለፋቸው ዝነኛ ተዋንያን ብዛት ነው። ጆን ጊለርሚን ያዘጋጀው፣ ኧርዊን አለን ፕሮዲውስ ያደረገው ይህ ፊልም ሦስት የኦስካር ሽልማቶችን አግኝቷል። እኔ ግን ዋናው ቁም ነገሩ ያለው በአንድ አጭር ንግግርና በአንድ በር ላይ ነው ባይ ነኝ።

ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ባለ 138 ፎቅ ሕንፃ በሚመረቅበት ምሽት 81ኛው ፎቅ ላይ እሳት ይነሳል። እንግዶቹ 135ኛው ላይ እየጨፈሩ ነው። ስቲቭ መኩዊን የሚተውነው የእሳት አደጋ አዛዥ ፖል ኒውማን ለሚተውነው የሕንፃው አርክቴክት እውነቱን ሳይሸፍን ይነግረዋል፦ ከሰባተኛ ፎቅ በላይ የተነሳን እሳት በእርግጠኝነት የሚያጠፉበት መንገድ የላቸውም፤ አርክቴክቶቹም ይህን እያወቁ ሽቅብ መገንባቱን አልተዉም።

በሩ ደግሞ ይኸውላችሁ። የድግሱን አዳራሽ ከአደጋ ጊዜው ደረጃ ጋር የሚያገናኘው በር አይከፈትም፤ የተደፋ ሲሚንቶ ደርቆ ይዞታል። በፊልሙ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚያስፈራኝ ትዕይንት የለም። ሲሚንቶውን የደፋው ሠራተኛ፣ ያላየው ተቆጣጣሪ፣ ሳይፈትሽ የተረከበው ባለቤት ሁሉም እጃቸው አለበት፤ አንዳቸውም ግን ክፉ ሰው መሆን አላስፈለጋቸውም።

ፊልሙ ይህን ክር ይዞ አልዘለቀም። ጥፋቱን ርካሽ የኤሌክትሪክ ሽቦ በዘረጋው፣ ሕንፃውን ባሠራው ባለሀብት አማች ላይ ይጭነዋል፤ አማቹ ይሞታል፤ ተመልካቹም እፎይ ይላል። ባለሀብቱ ራሱ ወጪ እንዲቀነስ መገፋፋቱ ይነሳና ሳይመረመር ይታለፋል። ትልቁ ድክመቱ ይህ ነው።

እውነተኛ አደጋ በአንድ ሰው ጥፋት ብቻ እንደማይመጣ የለንደኑ ግሬንፌል ታወር ይመሰክራል። ሰኔ 2017 እ.ኤ.አ. በዚህ ባለ 24 ፎቅ መኖሪያ ከአራተኛው ፎቅ የተነሳው እሳት በውጭ ግድግዳው ተቀጣጣይ ልባስ ላይ ሽቅብ ተምዘግዝጎ 72 ሰዎችን ገደለ፤ ከሟቾቹ መካከል ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ሕንፃው የነበረው አንድ ደረጃ ብቻ ሲሆን፣ ነዋሪዎቹም ቤታችሁ ቆዩ ተብለው ነበር። መስከረም 2024 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጨረሻው የምርመራ ዘገባ ጥፋቱን በአንድ ሰው ላይ አልደመደመም፤ መንግሥትን፣ የልባሱን አምራቾችና ተቋራጮችን በየድርሻቸው ተጠያቂ አደረገ።

ፊልሙን ከአዲስ አበባው ካዛንቺስ ሆኖ ማየት ዛሬ ሌላ ክብደት አለው። አርክቴክቱ አርቱሮ መዜዲሚ የነደፈው፣ በ1961 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ወደ ጎን የተዘረጋ ነው። ዛሬ የከተማዋ ምኞት ወደ ላይ ነው፤ በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት 209 ሜትር ገደማ ይረዝማል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የካዛንቺስ ነባር ቤቶች ለኮሪደር ልማትና ለመልሶ ማልማት ፈርሰው ሰፊ መሬት ለአዲስ ግንባታ ተከፍቷል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸውን ሕንፃዎች በ«ሐ» ምድብ መድቦ ጥብቅ ቁጥጥር ደንግጎባቸው ነበር። እንዲህ ያለ ቁጥጥር መልካም ነው። ግን አዋጅ በር ላይ የደረቀ ሲሚንቶ አያይም፤ ሌባ ይገባል ተብሎ በሰንሰለት የተቆለፈ የአደጋ ጊዜ መውጫም አይከፍትም።

በፊልሙ መጨረሻ አዛዡ አርክቴክቱን የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ከመገንባታችሁ በፊት እኛን አማክሩን። ለካዛንቺስ አዲስ ሕንፃ የምትነድፉ አርክቴክቶችም፣ ንድፋችሁን ለግንባታ ፈቃድ ከማስገባታችሁ በፊት የከተማችንን የእሳት አደጋ ሠራተኞች ጠይቁ፦ መሰላላቸው የት ድረስ ይደርሳል? መኪናቸው በየት ይገባል? ውኃውስ ከየት ይቀዳል?